ሳናውቅ እንዳንፈርድ

ይህን የምጽፈው ለእኩዮቼ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ሪከርድ ክፍል፣ ንብረት ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍትና በር ላይ ፀጉራችን ለሸበተው፣ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ የፊት ወንበር ለሚለቀቅልን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለሽምግልና ለምንጠራው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከማንኩሳ እስከ ሽንዲ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ነገር ሲበላሽ «ትልቅ ሰው ይጠራ» ይባላል። የሚጠራውም እኛ ነን። እንሄዳለን፣ እንቀመጣለን፣ እንፈርዳለን። የምንፈርድበትን ነገር ግን አብዛኞቻችን አናውቀውም። ልጆች እርስ በርስ የሚጠቃቁበት ቦታ ከግቢው አጥር ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ እኛ ደግሞ ስልኩን መማር አፍረናል። ላስጠነቅቃችሁ የተነሣሁት በዚህ ነው። በዚሁ ከቀጠልን የምንጠብቀውን ልጅ በገዛ ፍርዳችን እንጥለዋለን።

እኔ የምሠራበት የሪከርድ ክፍል ሰው የማያየው ሥራ ነው። ልጅ ትምህርት ሲጀምር ሁሉም ያየዋል፤ ሲያቋርጥ የሚያየው ግን መሸኛ የሚጽፍለት ሰው ብቻ ነው። ብዙው መሸኛም አይጠይቅም፤ አንድ ሰኞ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ ማህደሩ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ለምን እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው የሚሰጡኝ መልስ የታወቀ ነው፤ «አባቴ ታሞብኝ ነው»፣ «ከብት የሚጠብቅ ጠፍቶ ነው»፣ «በርበሬ ለቀማ ደርሶ ነው»። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ የገበሬ ቤት ሥራ አያልቅበትም። ነገር ግን በርበሬው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ገበያ ወጥቶ ካለቀ በኋላም የማይመለስ ልጅ አለ። እንዲህ ያለውን ቀስ ብዬ፣ ሰው በሌለበት ስጠይቀው ሌላ ነገር ይነግረኛል። «ጋሼ፣ ሳቁብኝ» ይለኛል። አንዳንዱ ይህንንም አይልም፤ ዝም ብሎ መሬት ያያል።

ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረውን ልጅ ከእናንተ ይበልጥ የሚያውቀው የለም፤ እኛም አብዛኞቻችን እንዲያ ነው የተማርነው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይገባሉ፣ እሑድ ማታ ድርቆሹንና በሶውን ተሸክመው ይደርሳሉ፣ ዓርብ ከክፍል ሲወጡ ለስንቅ ወደ አገር ቤት ይገሰግሳሉ። ከእነዚህ አንዱ ከደጋው የመጣ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ኮምፒዩተር ሲያይ የመጀመሪያው ነው። መምህሩ «ማውሱን ያዝና ቀስቱን እዚያ አድርሰው» ሲለው ማውሱን ከጠረጴዛው አንሥቶ ስክሪኑ ላይ አስጠጋው። ይህ ምን ያስቃል? ቀስቱ ያለው ስክሪኑ ላይ ነው፤ አድርሰው የተባለ ሰው ዕቃውን ወደዚያው ቢወስድ አስቦ ነው እንጂ ሞኝ ሆኖ አይደለም። አንዱ የከተማ ልጅ ግን በስልኩ ፎቶ አነሣው። ፎቶውን ቆርጦ ቴሌግራም ላይ ስቲከር አደረገው። ለማታውቁት፣ ስቲከር በመልእክት መሃል የሚላክ ትንሽ ሥዕል ነው። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ ግሩፕ ውስጥ አንድ ሰው አንድ ነገር አልገባኝም ባለ ቁጥር የዚያ ልጅ ምስል ይላክለት ጀመር። ከ9ኛ ወደ 10ኛ ክፍል፣ ከእኛ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ተዛመተ።

ልጁ ስልክ የለውም። ስለዚህ ሰው ለምን እንደሚስቅበት ለሳምንታት አላወቀም። በኮሪደሩ ሲያልፍ ይሳቃል፤ ዘወር ብሎ ልብሱን ያያል፣ ኮንጎ ጫማውን ያያል። ቁምጣው መስሎት ከጓደኛው ሱሪ ተበደረ። ሳቁ አልቆመም። ኋላ አንዲት የክፍሉ ተማሪ አዝናለት ስልኳን ከፍታ አሳየችው። በማግሥቱ ሪከርድ ክፍል መጥቶ መሸኛ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። ስቲከሩ ቢሮ ሲደርስ ያዩት ትልልቅ ሰዎች ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ግን ሳቁ። ሌሎቹ፣ በእኛ ዕድሜ ያሉት፣ «ሥዕል ምን ያደርገዋል? ድንጋይ አልወረወሩበት» አሉ። ከልጆቹ ሥራ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ መልስ ነው። ጉዳቱን የሚያይ ዓይን ከሌለን በትልቅ ሰውነት ወንበር ላይ የምንቀመጠው ለምንድን ነው?

በእኛም ጊዜ ጉልበተኛ ነበር። ቆሎ የሚቀማ፣ ወንዝ ዳር ጠብቆ የሚማታ፣ ቅጽል ስም አውጥቶ ለመንደር የሚያድል ነበር። ቤት ስንገባ ግን ይቀር ነበር፤ ክረምት ሲያልፍ ይረሳ ነበር፤ ሌላ ወረዳ ስንሻገር የሚያውቀን አልነበረም። የአሁኑ ልጅ ቤቱ ገብቶም አይተርፍም። ምስሉን ባሕር ዳር ያለችው የአክስቱ ልጅ አይታዋለች፤ ለሥራ አዲስ አበባ የወረደው ወንድሙ አይቶታል። ከዓመታት በኋላም የፈለገ ሰው ያገኘዋል። አድራጊውም ስሙን ደብቆ፣ የሌላ ሰው ፎቶ ለጥፎ በሐሰት አካውንት ስለሚያደርገው፣ ተማሪውን አሰልፈን በአርጩሜ ስናስፈራራ አናገኘውም።

በዚህ ላይ የዘመናችን መከራ አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነቱ በዚህ አገር ያመጣውን ለእናንተ መተረክ አያሻኝም። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ሲናገር እኛ ቁጥሩን በማህደር ነው የምናውቀው፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ጎጥ እንደሆነ እናውቃለን። ከእነዚህ የተመለሰው በዕድሜው ላይ ዓመታት ጨምሮ ነው የተመለሰው። ጢሙ ያቆጠቆጠ ልጅ ከ12 ዓመት ሕጻን ጎን 6ኛ ክፍል ይቀመጣል። «አባባ» እያሉ ይጠሩታል። የክፍል ኃላፊው ሲቀር «አባባ ያስተምረን» ይላሉ። እርሱ ጦርነቱን አልጠራውም፣ ትምህርት ቤቱንም አልዘጋውም። በዚያው በነሐሴ 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ ከ20 በላይ ሰው ያለቀበትን ፍንዳታ በጆሮው የሰማ ልጅም ዛሬ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። በር ሲጋጭ ይደነግጣል። ከኋላው ከረጢት ነፍተው የሚያፈነዱበት፣ ሲዘል ደግሞ በስልክ የሚቀርጹት ልጆች አሉ። ይህን አይቶ «የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ያለፈ ትልቅ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ሁለተኛ አይበለው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ነገር በሬዲዮ ሰምታችሁታል። የሩቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ ኪሳችን ባለ ስልክ ውስጥ አለ። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ የአንዲትን ተማሪ የፊት ፎቶ ወስዶ ከማታውቀው ገላ ጋር ማጋጠም ይችላል። የሰው ድምፅ አስመስሎ ሰውየው ያላለውን ማስባል ይችላል። ለዚህ የኮምፒዩተር ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም፤ ጥቂት ደቂቃና ኢንተርኔት ይበቃዋል። እኛ ደግሞ በዓይን ምስክር የምንፈርድ ሕዝብ ነን። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ያለ ሰው በሽማግሌ ፊት ነገሩን ጨርሷል። አባቶቻችን በዚህ ሲፈርዱ ልክ ነበሩ፤ በእነርሱ ዘመን ዓይን ያየው የሆነውን ነበር። ዛሬ ዓይን ያልሆነውንም ያያል።

እንግዲህ ይህን አስቡ። አንድ አባት ከወንበርማ ወይም ከጃቢ ጠህናን ገጠር ለገበያ ቅዳሜ ይመጣል። አንድ ጎረምሳ ስልክ ከፍቶ «ልጅህ ይህን ሆናለች፣ ሰብስባት» ይለዋል። ሰውየው ስልክ ላይ ፎቶ እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም፤ ያየው የልጁን ፊት ነው። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይመጣል። ልጅቷ «እኔ አይደለሁም» ትላለች፤ ማን ይስማት? «ስሟ ጨርሶ ሳይጠፋ ትዳር ትያዝ» እንላለን፣ የራራንላት መስሎን። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም ይላል፤ የልጅ ጋብቻም በክልላችን ስንታገለው የኖርነው ነገር ነው፣ በዚህ በር ግን እኛው መልሰን እናስገባዋለን። ልጅቷ ከ10ኛ ክፍል ወጥታ ማጀት ትገባለች፤ ፎቶውን የሠራው ልጅ ፈተናውን ተፈትኖ ያልፋል። ይህን የፈረድነው በክፋት አይሆንም። ባለማወቅ ነው። ለልጅቷ ግን ልዩነት የለውም።

ይህ ብቻም አይደለም። «ብር በቴሌብር ካልላክሽ ፎቶውን ለአባትሽ እልክለታለሁ» እየተባለች በፍርሃት የምትኖር ልጅ አለች። ከቤት እህል ሸጣ ትልካለች፤ የጓደኛዋን ብር ትወስዳለች፤ ሌባ ተብላ ትያዛለች። ወደኛ የሚመጣው ክሱ ስርቆት ሆኖ ነው። ከሥር ያለውን የማያውቅ ሽማግሌ ስርቆቱን ፈርዶ ይነሣል። ልጅቷም የመናገሪያ ሰው የላትም፤ ለማን ትናገር? ቴሌግራም ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ችግሯን ለማስረዳት አንድ ቀን ሙሉ ማስተማር ሊኖርባት ነው።

ሕግ አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በስልክና በኮምፒዩተር ሰውን ማስፈራራትን፣ ስሙን የሚያጠፋ ጽሑፍ፣ ድምፅና ምስል ማሠራጨትን በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ሕጉ ግን ማስረጃ ያስፈልገዋል። እኛ ነውሩ እንዳይታይ ብለን «አጥፉት፣ ደምስሱት» ስንል የምናጠፋው የልጅቷን ማስረጃ ነው። መልእክቱ ሳይጠፋ፣ የላከው አካውንት ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ ሆኖ ስክሪን ሾት፣ ማለትም የስክሪኑ ፎቶ፣ መያዝ አለበት። ምስሉን «እስቲ እናንተም እዩት» ብሎ ከስልክ ወደ ስልክ የሚያስተላልፍ ሽማግሌ ደግሞ ራሱ አሠራጨው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለምን አናውቅም? ስልክ ስለሌለን አይደለም። ስልኩ በኪሳችን አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብራችንን በእርሱ እንልካለን፣ እንቀበላለን፤ የሚስጥር ቁጥሩን ግን ለልጅ ልጃችን ነግረን እርሱ ነው የሚነካካልን። ለፋይዳ መታወቂያ ስንመዘገብ ስልክ ላይ የመጣውን ቁጥር ለማንበብ ለማናውቀው ጎረምሳ ስልካችንን እናቀብላለን። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲታወጅና የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ተመዝገብ ሲባል፣ ሌላ ሰው ተፈትኖላቸው ሰርተፊኬት የተቀበሉ ሰዎች አውቃለሁ። ሥልጠናው ነጻ ነበር፤ ቤት ድረስ የመጣ ነበር። በወራት የኢንተርኔት መቋረጥ ያለፈ አገር እንዲህ ያለውን ዕድል ሲያገኝ ሰርተፊኬቱን ወስዶ ዕውቀቱን መተው አልነበረበትም።

ያስቀረን ፍርሃት ነው። ጣታችን ስክሪኑ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሕጻን እንዳይስቅብን ነው የፈራነው። የተሳሳተ ነገር ነክተን «ጋሼ፣ እንዲያ አይደለም» እንዳይሉን ነው። ያን ልጅ ከ9ኛ ክፍል ያስወጣውና እኛን ከስልኩ ያራቀን ነገር አንድ ነው። የምንፈራውን ነገር በራሳችን ላይ እናውቀዋለን፤ በልጁ ላይ ሲሆን ግን «ሥዕል ምን ያደርገዋል» እንላለን።

ይህ ፍርሃት የአባቶቻችን አልነበረም። በጎጃም ከዋሸራና ከጎንጅ የቅኔ ጉባኤዎች የወጣ ሰው ይመሰክራል፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ዲያቆን በዕድሜ ከሚያንሰው ግን በትምህርት ከቀደመው ዘንድ ተቀምጦ ይቀጽላል። የኔታ ለሁሉም አይደርሱም፤ የቀደመው የተከተለውን ያስጠናዋል። ዕድሜ አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው የደረሰበት ነው። ዱላ አልነበረም፣ ረሃብ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ ሕይወት ምን እንደሆነ ሐዲስ አለማየሁ በልብ ወለዳቸው የማንኩሳውን በዛብህን ሲያሳዩን ሁላችንም አንብበናል፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅም በሬዲዮ ሰምተናል። ከታናሽ መማር ግን ነውር አልነበረም።

የእኛው ትውልድ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አይቷል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርና ከዚያም በየዙሩ ሲቀጥል፣ እኛ ተማሪዎች ነበርን። በየቀበሌው ዛፍ ሥር ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለን አባቶቻችንንና አያቶቻችንን ፊደል ያስቆጠርነው እኛው ነን። ታስታውሳላችሁ? ዕድሜውን ሁሉ ሞፈር የጨበጠ እጅ እርሳስ ሲይዝ እርሳሱን ይሰብረዋል። «ሀ»ን ለመጻፍ ምላሱን ነክሶ ግንባሩን ያልበዋል። ከቀትር በኋላ ከእርሻ የመጣ ሰው ከገዛ ልጁ ፊት ተቀምጦ «ይህችን ድገምልኝ» ይላል። እናቶች ጡት እያጠቡ ይማራሉ። ያን ጊዜ ብንስቅባቸው ኖሮ በማግሥቱ አንድም ሰው አይመጣም ነበር። አልሳቅንም። ፊርማ የማያውቀው ሰው ስሙን ጽፎ በጣቱ ከመፈረም የተገላገለው፣ ሚሊዮኖችም ፊደል የለዩት በዚህ ነው። ዘመቻው በተጀመረ በዓመቱ ዩኔስኮ ኢትዮጵያን የሸለማት በከንቱ አልነበረም። በዘመቻው ላይ ስለ ሌላው ነገር ብዙ ቅሬታ ሊነሣ ይችላል፣ ጊዜው ከባድ ጊዜ ነበር። ከልጁ ፊት ተቀምጦ የተማረውን ገበሬ ድፍረት ግን ማንም አይወስድበትም። ያ ገበሬ ያን ጊዜ የነበረበት ዕድሜ ዛሬ የእኛ ዕድሜ ነው። እርሱ ያላፈረውን እኛ ደመወዝ በልተን፣ ደብዳቤ ጽፈን፣ ማኅተም መትተን እናፍራለን?

በመሃል የፕላዝማውን ጊዜ አይተናል፤ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ሲለቀቅ። ፕላዝማው አይቆምም፣ አይደግምም ነበር። መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በተረፈው ከተማሪው ጋር ቆሞ ያይ ነበር። ያልገባው ልጅ እጁን የሚያወጣበት ሰው አልነበረውም። መሣሪያው ራሱ ጥፋት አልነበረበትም፤ ያልገባውን የሚያስረዳ ሰው ከመሃል መውጣቱ ነበር ጥፋቱ። የአሁኑም ስልክና ኮምፒዩተር ትልቅ ሰው ከመሃሉ ከወጣ ያንኑ ይደግመዋል።

የሚያስቸኩል ነገርም አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ያሳዘነን ዓመታት ሩቅ አይደሉም፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው በ2016 ፈተናው በወረቀትና በበይነ መረብ መሰጠት ጀምሯል። ዕውቀቱ እያለው ማውስ መያዝ ስላላወቀ ጊዜ የሚያልቅበት ልጅ ይመጣል ማለት ነው። ቡሬም ላይ በ2013 ዓ.ም. የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩና የዘይት ፋብሪካው ከተመረቁ ወዲህ በገዛ አገራችን እንኳ ለሥራ የሚፈለገው ሰው ስክሪን አንብቦ ማሽን የሚቆጣጠር ነው። እንግዲህ የገጠሩ ልጅ ኮምፒዩተር የሚነካው ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ እዚያም ለብዙ ተማሪ ጥቂት ኮምፒዩተር፣ ለዚያውም መብራት ሲኖር ነው። በዚያች በጥቂቷ ሰዓት አንዴ ከተሳቀበት ሁለተኛ እጁን አይዘረጋም። ከኋላ ቆሞ ሌላው ሲነካ ያያል፣ «ተራህ ነው» ሲሉት «ይቅርብኝ» ይላል። የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ከኋላ የቆሙትን ቁጠሩ። አብዛኞቹ ከየት እንደመጡ ማህደራቸው ይነግራችኋል።

«እኛስ ቆንጥጠው አይደል ያሳደጉን? ልጅ ሲሳቅበት ይጠነክራል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በስብሰባ ላይ ስትሉ ሰምቻለሁ። የጠነከርነውን ነው የምታዩት፤ ትተው የሄዱት በስብሰባው ላይ የሉም። አብረውን አንደኛ ክፍል ከገቡት ስንቶቹ እስከ መጨረሻው እንደዘለቁ ታስታውሳላችሁ። የቀሩትን ሁሉ ድህነት ነው ያስቀራቸው? የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕጻን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የተጠበቀ መሆኑን ደንግጓል፤ ይህ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፣ እኛ ግን ዛሬም ለስብሰባ ስንቀመጥ አርጩሜ ይመለስ እንላለን።

ማዋረድ በማዋረድ እንደማይድን ደግሞ በዓይናችን አይተነዋል። ያን ስቲከር የሠራው ልጅ ኋላ ተገኝቶ ነበር። የተፈረደበት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በተማሪው ሁሉ ፊት እንዲንበረከክ ነው። ተንበረከከ። ሲንበረከክ ሌላው ቀረጸው፤ ቪዲዮው እስከ ማታ ቲክቶክ ላይ ነበር። ሁለት የተዋረዱ ልጆች አገኘን፤ የመጀመሪያውም አልተመለሰልንም። ይህ ልጅ ፎቶ ቆርጦ ስቲከር መሥራት የሚያውቅ፣ እጁ የቀና ልጅ ነው። ከገጠር የመጡትን ማውስ አያያዝ እንዲያስተምር ቢፈረድበት፣ ያዋረደውንም ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠይቆ እንዲመልሰው ከሽማግሌ ጋር ቢላክ ኖሮ ሽምግልና ይባል ነበር። ይህን ማድረግ እናውቅበታለን። ደም የፈሰሰበትን ጠብ ያስታረቁ ሽማግሌዎች አገር ነው ይህ። ካሣና ይቅርታ ማን አስተማረን?

ስለዚህ እኩዮቼ ሆይ፣ አደራ የምላችሁ ይህ ነው። በየትምህርት ቤታችሁ አንድ ወጣት የኮምፒዩተር መምህር አይጠፋም። ሄዳችሁ «አስተምረኝ» በሉት፤ በስውር ሳይሆን ተማሪዎች እያዩ። ስትሳሳቱ ይዩአችሁ፤ ደግማችሁ ስትሞክሩም ይዩአችሁ። ቴሌግራም መክፈትን፣ ግሩፕ ምን እንደሆነ፣ ስክሪን ሾት መያዝን፣ የሐሰት ፎቶ እንዴት እንደሚሠራ በዓይናችሁ ፊት ያሳያችሁ። የሚስጥር ቁጥራችሁን ከዛሬ ጀምሮ ራሳችሁ ንኩት። የወላጅ መምህር ኅብረት አባል የሆናችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ከአጥሩና ከወንበሩ በፊት ይህን አጀንዳ አስይዙ፤ ከክፍሎቹ ውስጥ የሚሳቅበት ማን እንደሆነ፣ የቀረው ለምን እንደቀረ የሚጠይቅ ሰው መድቡ። በዕድሜ ገፍቶ የተመለሰውን ልጅ በስሙ ጥሩት፣ ሌላውም በስሙ እንዲጠራው አድርጉ። ፎቶ ይዞ ለሽምግልና የሚጠራችሁ ሰው ሲመጣ ግን፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ምስሉን ሳይመረምረው፣ ልጅቷም ቀርባ ሳትሰማ፣ ለፍርድ አትቀመጡ።